ኬይንስ፡- ከህንድ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጀማሪ ጸሐፊነት እስከ ብሬተን ውድስ ጉባኤ

የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎችና አዲስ ምሩቃን ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር፣ ወደ ንግድ ሚኒስቴር ወይም ወደ ማዕከላዊ ባንክ ተልከው የሥራ ልምምድ የሚያደርጉበት አሠራር በበርካታ አገሮች የተለመደ ነው። ውጤቱ ግን ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ይለያያል። አንዱ ተለማማጅ ወራቱን ሰነድ በማባዛትና ደብዳቤ በማመላለስ ሲጨርስ፣ ሌላው አገሩ ከውጭው ዓለም ጋር ያላትን የገንዘብና የንግድ ግንኙነት የሚመለከት እውነተኛ ፋይል ይሰጠውና አስተያየቱን ጽፎ እንዲያቀርብ ይጠየቃል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ስማቸው ከገነኑ የኢኮኖሚ ሊቃውንት አንዱ የሆኑት እንግሊዛዊው ጆን ሜይናርድ ኬይንስ ሁለቱንም ዓይነት ሥራ ቀምሰዋል። በኋላ የዓለምን የገንዘብ ሥርዓት ለመቅረጽ ያበቃቸውን መንገድ የጀመሩትም ሁለት ዓመት እንኳ ባልሞላ የመንግሥት ጸሐፊነት ነበር። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኬይንስ ሰኔ 5 ቀን 1883 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ጆን ኔቪል ኬይንስ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሎጂክና የኢኮኖሚክስ መምህር፣ በኋላም የዩኒቨርሲቲው ከፍተኛ የአስተዳደር ኃላፊ ነበሩ። እናታቸው ፍሎረንስ ኤዳ ደግሞ በበጎ አድራጎትና በከተማ አስተዳደር ሥራ የታወቁ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1932 የካምብሪጅ ከንቲባ ለመሆን በቅተዋል። ልጃቸው በኢተን ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ በ1902 ወደ ካምብሪጁ ኪንግስ ኮሌጅ ገቡ። የተመረቁት በሂሳብ እንጂ በኢኮኖሚክስ አልነበረም። ኢኮኖሚክስን በመደበኛነት ያጠኑት በ1905 መገባደጃ ላይ በታዋቂው ፕሮፌሰር አልፍሬድ ማርሻል ሥር ለአንድ መንፈቀ ዓመት እንኳ ላልሞላ ጊዜ ብቻ ነው። በዚህ ሙያ ዲግሪ ሳይዙ የሙያው ቁንጮ መሆናቸው እስከ ዛሬ ያስገርማል።

በ1906 ኬይንስ የመንግሥት ሠራተኞች መቀጠሪያ ፈተና ተቀመጡ። ይህ ፈተና በዘመኑ እጅግ ከባድ ከሚባሉት አንዱ ሲሆን፣ የመሥሪያ ቤት ምርጫ የሚሰጠውም በውጤት ቅደም ተከተል ነበር። ሁለተኛ ወጡ። አንደኛ የወጡት ኦቶ ኒሜየር በገንዘብ ሚኒስቴር የነበረውን ክፍት ቦታ ስለወሰዱት፣ ለኬይንስ የህንድ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደረሳቸው። በፈተናው ዝቅተኛ ውጤት ካስመዘገቡባቸው ትምህርቶች አንዱ ኢኮኖሚክስ እንደነበር የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች በፈገግታ ያወሱታል።

የህንድ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እንግሊዝ በቅኝ ግዛትነት የያዘቻትን ሰፊዋን ህንድ ከለንደን ሆኖ የሚቆጣጠር ነበር። ኬይንስ በጥቅምት ወር 1906 በዓመት 200 ፓውንድ ደመወዝ በጀማሪ ጸሐፊነት ተቀጥረው በመጀመሪያ በወታደራዊ ጉዳዮች ክፍል ተመደቡ። የመጀመሪያ ሥራቸው አሥር ወይፈኖች በመርከብ ተጭነው ወደ ቦምቤይ እንዲላኩ ማድረግ እንደነበር ይነገራል። የሥራው ሰዓት ከረፋዱ አምስት ሰዓት እስከ ቀትር በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ሥራውም ጥቂት ነበር። ወጣቱ ጸሐፊ ትርፍ ጊዜያቸውን ፕሮባብሊቲ ወይም የመሆን ዕድልን በሚመለከት ለኮሌጃቸው ለሚያቀርቡት የምርምር ጽሑፍ አዋሉት። በመንግሥት ደመወዝ የግል ጥናት መሥራት ዛሬ ቢሆን የሚያስጠይቅ ነው። ጥፋቱ ግን ሥራ ሳይሰጥ ከሚያስቀምጠው መሥሪያ ቤትም አይርቅም።

ነገሩ የተለወጠው በ1907 ወደ ገቢ፣ ስታቲስቲክስና ንግድ ክፍል ሲዛወሩ ነው። በዚህ ክፍል የህንድን ንግድ፣ ግብርና ገንዘብ የሚመለከቱ ሰነዶች በሙሉ በጠረጴዛቸው ላይ ያልፉ ጀመር። መንግሥት ስለ ህንድ ሁኔታ በየዓመቱ ለፓርላማ የሚያቀርበውን ሪፖርት የማዘጋጀት ኃላፊነትም ተሰጣቸው። ሪፖርቱን ለማዘጋጀት የአዝመራውን፣ የባቡር ሐዲዱን፣ የወጪና የገቢ ንግዱን አኃዝ ማገናዘብ ግድ ነበር። ለተለማማጅ ከዚህ የተሻለ መማሪያ ማግኘት ያስቸግራል።

በዚህ ጠረጴዛ ላይ የተማሩት ዋነኛ ነገር አንድ አገር ከሌላው አገር ጋር በገንዘብ የሚገናኝበትን ስልት ነው። የህንድ መገበያያ የብር ሩፒ ሲሆን የእንግሊዝ ፓውንድ ደግሞ በወርቅ ላይ የተመሠረተ ነበር። የብር ዋጋ በዓለም ገበያ እየወረደ ሲሄድ በ1893 የህንድ የገንዘብ ማተሚያዎች ብር ላመጣ ሁሉ ሩፒ መቅረጽ አቆሙ። ከዚያ በኋላ የሩፒ ዋጋ 16 ፔኒ አካባቢ እንዲጸና ተደረገ። ይህም ማለት 15 ሩፒ ለአንድ ፓውንድ ነው። ተመኑን ለማጽናት ያገለገለው መሣሪያ የሐዋላ ሰነድ ነበር። አንድ የለንደን ነጋዴ የህንድ ጥጥ፣ ጁት ወይም ሻይ ሲገዛ ሩፒ ያስፈልገዋል። ነጋዴው ለህንድ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ፓውንድ ከፍሎ የሐዋላ ሰነድ ይገዛል። ሰነዱ በካልካታ ወይም በቦምቤይ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ሲቀርብ በሩፒ ይመነዘራል። ለንደን የቀረው ፓውንድ ደግሞ የህንድ መንግሥት በእንግሊዝ ላለበት ዕዳ ወለድ፣ ለጡረተኞች አበልና ለወታደራዊ ግዢ ይውላል።

በዚህ መንገድ የህንድ ገበሬ ያመረተው ጥጥ ወርቅ ከአገር አገር ሳይጓዝ ለንደን ውስጥ ፓውንድ ሆኖ ይገኝ ነበር። ኬይንስ የስልቱን ብልሃት አደነቁ። ወርቅ በየኪሱ ሳይዘዋወር በተቀማጭና በሐዋላ ብቻ ምንዛሪን ማጽናት እንደሚቻል መረዳታቸው የኋላ ሐሳባቸው ሁሉ መነሻ ሆነ። ይሁንና ተመኑን የሚወስኑት፣ ተቀማጩን የሚይዙትና ሪፖርቱን የሚጽፉት ሁሉ ለንደን የተቀመጡ እንግሊዛውያን እንደነበሩ ልብ ማለት ይገባል። ኬይንስ ራሳቸው በሕይወት ዘመናቸው ሙሉ ህንድን አንድም ጊዜ አልረገጡም። ይህ ጉዳይ ከ37 ዓመታት በኋላ በሌላ መልክ ተመልሶ ፊታቸው ይቆማል።

መሥሪያ ቤቱ ወጣቱን ለማቆየት አልቻለም። ከፍተኛ ባለሥልጣናቱ ውሳኔ ከመስጠት ይልቅ ኃላፊነትን መሸሽ የሚቀናቸው ሆነው ታዩአቸው። የጀማሪ ጸሐፊ አስተያየትም የትም አልደረሰም። በ1908 ሥራቸውን ለቀው ወደ ካምብሪጅ በመመለስ በዓመት 100 ፓውንድ ደመወዝ ማስተማር ጀመሩ። አባታቸው ሌላ 100 ፓውንድ ይጨምሩላቸው ነበር። በ1909 የኮሌጃቸው ተመራማሪ አባል ሆነው ተመረጡ። በዚያው ዓመት በታወቀው የኢኮኖሚ መጽሔት ላይ ያወጡት የመጀመሪያ ጥናታዊ ጽሑፍም ስለ ህንድ ኢኮኖሚ ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጣው ሁሉ በዚያች አጭር የሥራ ዘመን ላይ የተገነባ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1913 “የህንድ ገንዘብና ፋይናንስ” የተሰኘውን የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን አሳተሙ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ መንግሥት የህንድን ገንዘብ የሚመረምር ንጉሣዊ ኮሚሽን በኦስተን ቻምበርሌን ሰብሳቢነት ሲያቋቁም፣ ገና 30 ዓመት የሆናቸውን ኬይንስን በአባልነት መረጣቸው። በኮሚሽኑ ሪፖርት ላይ ህንድ የራሷ ማዕከላዊ ባንክ ሊኖራት እንደሚገባ የሚያትት አባሪ አቀረቡ። ባንኩ የተቋቋመው ግን ከሃያ ዓመታት በኋላ ሚያዝያ 1 ቀን 1935 ነው። የኮሚሽኑ ጸሐፊ የገንዘብ ሚኒስቴሩ ባዚል ብላኬት ነበሩ። ይህ ትውውቅ ወዲያው ፍሬ አፈራ።

በነሐሴ ወር 1914 መባቻ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ የለንደን ገንዘብ ገበያ ተናጋ። ባንኮች ወርቅ መክፈል ይቁም የሚል ግፊት አሳደሩ። ብላኬት ለኬይንስ ደብዳቤ ጽፈው ምክራቸውን ጠየቁ። ዕለቱ እሑድ በመሆኑ ኬይንስ ባቡር አልጠበቁም። የእህታቸው ባል በሞተር ብስክሌት ጎን በተገጠመ መቀመጫ አሳፍረዋቸው ለንደን ደረሱ። እኒሁ አማቻቸው አርቺባልድ ሂል በኋላ በሕክምና ዘርፍ የኖቤል ተሸላሚ የሆኑት ሳይንቲስት ናቸው። ኬይንስ እንግሊዝ የወርቅ ክፍያዋን እንዳታቋርጥ የሚያሳስብ ማስታወሻ ጻፉ፤ መንግሥትም በዚሁ መንገድ ሄደ። በጥር ወር 1915 በገንዘብ ሚኒስቴር ተቀጠሩ። ከስምንት ዓመታት በፊት ኒሜየር የቀደሟቸውን ቦታ በሌላ በር ገቡበት ማለት ነው።

በ1917 የውጭ ፋይናንስን የሚመራ ክፍል ኃላፊ ሆኑ። የእንግሊዝ ተባባሪ አገሮች ስንዴና መሣሪያ ለመግዛት የሚያስፈልጋቸው ዶላር በእርሳቸው ክፍል በኩል ያልፍ ነበር። አንድ ጊዜ የስፔን ገንዘብ እጅግ በጠፋበት ወቅት እንደምንም ጥቂት አሰባስበው አለቆቻቸው እፎይ ሲሉ፣ ኬይንስ ያገኙትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ አውጥተው እንደሸጡትና በዚህም ዋጋው እንዲወርድ እንዳደረጉ ይነገራል። ከመጽሐፍ የማይገኝ፣ በገበያ ውስጥ ብቻ የሚቀሰም ድፍረት ነው።

በ1919 በፓሪሱ የሰላም ጉባኤ የእንግሊዝ ገንዘብ ሚኒስቴር ዋና ተወካይ ነበሩ። በእርሳቸው ስሌት ጀርመን በካሳ መልክ ልትከፍል የምትችለው ከ2 ቢሊዮን ፓውንድ ብዙም አይበልጥም ነበር። በእንግሊዝ በኩል የተቋቋመ ሌላ ኮሚቴ ግን 24 ቢሊዮን ፓውንድ የሚል አኃዝ አቅርቦ ነበር። የተሸናፊዎቹን አገሮች ዕዳ አሸናፊዎቹ በዋስትና ደግፈው የአውሮፓን ንግድ የሚያንቀሳቅስ ዕቅድ ነድፈው ቢያቀርቡም በአሜሪካ በኩል ተቀባይነት አላገኘም። በሰኔ ወር ሥራቸውን ለቀቁ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ያሳተሙት “የሰላሙ ኢኮኖሚያዊ መዘዞች” የተሰኘው መጽሐፍ በስድስት ወራት ውስጥ ከ100,000 ቅጂ በላይ ተሸጠ። ስሌታቸው ጀርመንን ያዘነበለ ነው በማለት በኋላ የተቿቸው የታሪክ ምሁራን አልታጡም፤ ክርክሩም አልተቋጨም።

በሁለቱ ጦርነቶች መካከል ያለው ዘመናቸው በይበልጥ የታወቀ ስለሆነ እዚህ ማስረዘም አያስፈልግም። እንግሊዝ በ1925 በቀድሞው ተመን ወደ ወርቅ መመለሷን ተቃወሙ። በዚያው ዓመት ሩሲያዊቷን የባሌ ዳንስ ተዋናይ ሊዲያ ሎፖኮቫን አገቡ። በ1936 ሥራ አጥነት ለምን እንደሚጸና የሚያብራራውንና ስማቸውን ከሁሉ በላይ ያስጠራውን “አጠቃላይ ንድፈ ሐሳብ” በአጭር ስሙ የሚታወቀውን መጽሐፍ አሳተሙ። በ1937 የልብ ሕመም ጣላቸው።

በ1940 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ያለ ደመወዝ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ተመለሱ። በዚህ ጊዜ ለወጣቶች በር የመክፈት ሥልጣን በእጃቸው ነበር። ከተጠቀሙበት አጋጣሚ አንዱ የአገሪቱን ጠቅላላ ገቢና ወጪ የሚያሳይ ሂሳብ ማዘጋጀት ነው። ሥራውን የሠሩት ጀምስ ሚድ እና በካምብሪጅ ተማሪ የነበሩት የ27 ዓመቱ ሪቻርድ ስቶን ሲሆኑ፣ ኬይንስ ሥራውን ደግፈው ውጤቱ ከ1941 በጀት ጋር አብሮ እንዲታተም አደረጉ። ዛሬ መንግሥታት የኢኮኖሚ ዕድገታቸውን የሚለኩበት ሂሳብ ከዚህ ሥራ ብዙ ወርሷል። ሚድ በ1942 ከጦርነቱ በኋላ አገሮች የጉምሩክ ቀረጥን በስምምነት የሚቀንሱበትን ሐሳብ ነድፈው ያቀረቡ ሲሆን፣ ይህም በ1947 ለተፈረመው አጠቃላይ የቀረጥና የንግድ ስምምነት ከመነሻዎቹ አንዱ ሆኗል። ሚድ በ1977፣ ስቶን ደግሞ በ1984 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። የጀማሪ ማስታወሻ ሰሚ ያጣበትን መሥሪያ ቤት ያዩ ሰው፣ የወጣቶችን ማስታወሻ ሚኒስትሩ ፊት ማድረሳቸው ከሌላው ሥራቸው ያነሰ ዋጋ የሚሰጠው አይደለም።

ኬይንስ ራሳቸው ከ1941 ጀምሮ ሲያዘጋጁት የቆዩት የዓለም አቀፍ ሂሳብ ማቻቻያ ኅብረት ዕቅድ በሚያዝያ ወር 1943 ይፋ ሆነ። በዕቅዱ መሠረት አገሮች የእርስ በርስ ዕዳቸውን ባንኮር በተባለ የጋራ የሂሳብ መለኪያ ያቻችላሉ። ከመጠን በላይ ዕዳ ያለበት ብቻ ሳይሆን ከመጠን በላይ ትርፍ ያከማቸ አገርም ክፍያ ይጠየቃል። ወርቅን ከቦታው ሳያንቀሳቅሱ በሂሳብ መዝገብ መገበያየት የሚለው ሐሳብ ያን የቀድሞ የሩፒ ሐዋላ ያስታውሳል። ይሁን እንጂ አሜሪካ ትርፍ ያከማቸችው አገር በመሆኗ የሃሪ ዴክስተር ኋይት ዕቅድ ሚዛን ደፋ።

ከሐምሌ 1 እስከ 22 ቀን 1944 በአሜሪካ ኒው ሃምፕሻየር ግዛት በብሬተን ውድስ በተካሄደው ጉባኤ 44 አገሮች ተሳትፈዋል። ከአፍሪካ የተገኙት ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ላይቤሪያና ደቡብ አፍሪካ ብቻ ነበሩ። ኢትዮጵያን የወከሉት በአሜሪካ የኢትዮጵያ ሚኒስትር የነበሩት ብላታ ኤፍሬም ተወልደ መድኅንና የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ገዥ ጆርጅ ብላወርስ ናቸው። አገሪቱ ከፋሺስት ወረራ ነፃ ከወጣች ገና ሦስት ዓመቷ ሲሆን፣ የባንኩ ገዥም አሜሪካዊ ነበሩ። በወቅቱ የተማረ የሰው ኃይል ምን ያህል ውድ እንደነበር ከዚሁ መገመት ይቻላል። በጉባኤው ለዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ከተመደበው 8.8 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ የኢትዮጵያ ኮታ 6 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። በዓለም ባንክ ላይ የመከረውን ኮሚሽን በሰብሳቢነት የመሩት ኬይንስ ነበሩ። ይኸው ባንክ በ1950 ለኢትዮጵያ የመንገድ ሥራና የልማት ባንክ ማቋቋሚያ የሚሆን 7 ሚሊዮን ዶላር ያበደረ ሲሆን፣ ይህም ባንኩ ለአፍሪካ አገር የሰጠው የመጀመሪያ ብድር ነበር።

በዚህ ጉባኤ ነበር ህንድ ፊታቸው የቆመችው። በጦርነቱ ዘመን እንግሊዝ ከህንድ ለወሰደችው ዕቃና አገልግሎት የከፈለችው ለንደን በተቀመጠና እንደልብ በማይንቀሳቀስ ፓውንድ ነበር። ሂሳቡ ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ደርሷል። የዚያች የቀድሞ ተበዳሪ አገር ልዑካን አሁን አበዳሪ ሆነው መጥተዋል። ከልዑካኑ መካከል የህንድ ማዕከላዊ ባንክ የመጀመሪያው ህንዳዊ ገዥ ቺንታማን ዴሽሙክ ይገኙበታል። ዴሽሙክ እንደ ኬይንስ ሁሉ በካምብሪጅ የተማሩና ለህንድ የመንግሥት አገልግሎት በለንደን በተሰጠ ፈተና አንደኛ የወጡ ሰው ነበሩ። ህንድና ግብፅ አዲሱ የገንዘብ ድርጅት የታሰረውን ፓውንድ ለማስፈታት እንዲረዳ ጠየቁ። ኬይንስ ግን ጉዳዩ በሁለቱ ወገኖች መካከል የሚያልቅ ነው በማለት ጥያቄውን አልተቀበሉም። በወጣትነታቸው የህንድን ገንዘብ ከማንም በላይ ጠንቅቀው ያወቁት ሰው፣ ዕውቀቱን ለማን ጥቅም እንደሚያውሉት ሲጠየቁ ለአገራቸው ወገኑ። በባለሥልጣንነታቸው ይህ የሚጠበቅ ቢሆንም፣ ከህንዶቹ ወንበር ሲታይ ፍርዱ የተለየ ነበር። ዴሽሙክ ከስድስት ዓመታት በኋላ የነፃይቱ ህንድ የገንዘብ ሚኒስትር ሆነዋል።

ኬይንስ በ1945 መጨረሻ ዋሽንግተን ላይ ረጅም ድርድር አካሂደው ለአገራቸው 3.75 ቢሊዮን ዶላር ብድር በ2 በመቶ ወለድ አስገኙ። የተመኙት ያለ ወለድ ዕርዳታ ነበር። እንግሊዝ የዚህን ብድር የመጨረሻ ክፍያ የፈጸመችው በታኅሣሥ ወር 2006 ነው። በመጋቢት ወር 1946 የአዲሶቹ ድርጅቶች ገዥዎች በጆርጂያ ግዛት በሳቫና ከተማ ሲሰበሰቡ፣ ኬይንስ የድርጅቶቹ ጽሕፈት ቤት ከመንግሥት ተጽዕኖ እንዲርቅ ኒው ዮርክ ይሁን ብለው ቢከራከሩም ዋሽንግተን ተመረጠች። ደክመው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሚያዝያ 21 ቀን 1946 በፋሲካ ዕለት በሰሴክስ በሚገኘው መኖሪያቸው በ62 ዓመታቸው አረፉ። በለንደን ዌስትሚንስተር አቢ በተደረገው የመታሰቢያ ጸሎት ላይ አባታቸውና እናታቸው በሕይወት ኖረው ተገኝተዋል።

የህንድ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ህንድ ነፃነቷን በተቀዳጀችበት በ1947 ተዘጋ። ሕንፃው የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አካል ሲሆን፣ የመሥሪያ ቤቱ መዛግብት ደግሞ በለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ተማሪዎችና ተመራማሪዎች ይገለገሉባቸዋል።